ያልተጠለለ ተረት

ልጅ ሳለሁ በእኛ ግቢ ተረት በነጻ አይነገርም ነበር። ዋጋው የክንድ ጉልበት ነበር፤ ተቀባዩም አባባ ደምሴ። አሰላ ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን ለስንዴ ሥራ የመጡ ፈረንጆች ቤት ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። «ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ማርማላታው እኔ ጋ ቀረ» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ጎራው፣ ያ እሾሃማ የዱር ፍሬ፣ ሲጠቁር የግቢው ልጆች ጣሳ ጣሳችንን ይዘን ወደ ወንዙ እንወርዳለን። እናቴ እንጆሪ ትለዋለች፤ እኛ ግን ከኦሮምኛው ወስደን ጎራ ነበር የምንለው። ግማሹን እዚያው በልተን፣ ክንዳችን በእሾህ ተጫጭሮ፣ ምላሳችን ጠቁሮ ስንመለስ፣ አባባ ደምሴ የተረፈውን ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገው ከሰል ላይ ይጥዱታል። ፈንድቶ ሲቀልጥ ሌሎቹ ልጆች ወደ ኳሳቸው ይበተናሉ። እኔ ተረት ስለምወድ እቀራለሁ። «ኮቱ» ይሉኛል፣ ነይ ማለታቸው ነው፣ «ማጥለያው እየጠበቀሽ ነው።»

ማጥለያውን ድስት አፍ ላይ አስቀምጬ የቀለጠውን በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እጫነዋለሁ፤ ለስላሳው ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ዘሩ ከላይ ይቀራል። እኔ ስጫን አባባ ይተርካሉ። ክንዴ ዝሎ ማንኪያው ከቆመ ተረቱም ይቆማል፤ የተረቱ ጅብም አንድ እግሩን እንዳነሳ እዚያው ይጠብቀኛል። ያኔ መብራት አመሻሹ ላይ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ብዙውን ጊዜ በፋኖስ ነበር የምንሠራው። ፍሙ ፊታችንን ያሞቀናል፣ የአሰላ ብርድ ደግሞ በበሩ ስር ገብቶ ከጀርባ ይቆነድደናል፤ የከሰሉ ጭስና የጎራው ጣፋጭ እንፋሎት ተደባልቀው ፀጉሬ ውስጥ ያድራሉ።

በዚያ ዓመት ማርማላታው የሚሠራው ለእትዬ ዘነበች ነበር፤ ጢቾ ለሚኖሩት የአባባ ታላቅ እህት። እትዬ ዘነበች የጽጌን ጾም ሳይጾሙ አያልፉም፤ ያኔ ወተትና እንቁላል አይነኩም፤ ግን ሦስት ጥርስ ብቻ ቀርቷቸው፣ ድዳቸው ቆስሎ፣ ዳቦ እንኳ በሻይ አርሰው ነበር የሚውጡት። እሑድ ይመጣሉ ተብሏል። «አንዲት ዘር ድዷ ውስጥ ከገባች ሳምንቱን ሙሉ እህል አትቀምስም» አሉኝ አባባ።

ተረቱ ደግሞ ያን ምሽት ክፉኛ ጣመኝ። አህያና የሚጭናት ባለቤቷ ተጣልተው ጅብን አስታራቂ ሽማግሌ አድርገው ጠርተዋል። ጅቡ ጋቢ ደርቦ፣ ምርኩዝ ይዞ መጣ። «የሆድሽን እንድትነግሪኝ ብቻችንን እንሁን» ብሎ ባለቤቱን ወደ ውጭ አስወጣና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ልክ እዚህ ላይ ክንዴ ከዳኝ። ተረቱም ቆመ፤ አባባም ስኳር ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ። ያልተጠለለው ገና ግማሽ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ግራ ቀኝ አየሁና ከነዘሩ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት።

ሲመለሱ «ጨረስኩ» አልኳቸው። «ጎበዝ» ብለው ስኳሩን ጨመሩ፣ ሎሚ ጨመቁ፣ እስኪወፍር አማሰሉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርገው ቀመሱ። አገጫቸው ቀጥ አለ። ድስቱን ከከሰሉ ላይ አወረዱት።

«ተቀመጪ፣ ቀሪውን ልንገርሽ» አሉ። «ጅቡ በሩን ቀረቀረ። በሩ የጥድ ነው። ጥዱን የቆረጡት የባለቤቱ አጎት ናቸው። አጎትየው ዴራ ነው የሚኖሩት፤ የዴራ ሙቀት ደግሞ አይጣል ነው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ የግራው።»

«አህያዋስ?» አልኩ።

«ቆይ እንጂ። አጎትየው ድመት ነበረቻቸው።»

«አባባ፣ አህያዋን ይንገሩኝ!»

«ምን ሆንሽ? ተረት አይደል እንዴ ያልሽው? አላምጪው።»

ያኔ ገባኝ። ፊቴ ከፍሙ ይልቅ ጋለ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሳላጠልለው ነው የጨመርኩት» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ።

«አውቃለሁ። የእኔ ቢሆን ዘሩን እየተፋሁ እበላው ነበር፤ የእህቴ ነው» አሉና የፈላ ውኃ ጨምረው አቀጠኑት። ድስቱን በሙሉ እንደ ገና አጠለልነው፤ እኔ ሲደክመኝ እሳቸው፣ እሳቸው ሲደክማቸው እኔ። እየተጫንን የተረቱን መጨረሻ ነገሩኝ፤ ያለ አጎት፣ ያለ ድመት፣ ለስልሶ የሚወርድ ተረት።

እሑድ እትዬ ዘነበች ከአውቶቡስ ወርደው አረፍ እንዳሉ አንድ ማንኪያ ቀረበላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ድዳቸውን ዙሪያውን ዳሰሱት። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ደምሴ፣ ዘሩን የት አደረስከው?» አሉ በመጨረሻ።

«ተረቱ ውስጥ ገባ» አሉ አባባ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። እትዬ ዘነበች ምንም ሳይገባቸው ሁለተኛውን ማንኪያ አነሱ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ደጅ ሮጥኩ።

አባባ ደምሴ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ማርማላታውን የምሠራው እኔ ነኝ። ጁስ መፍጫ አለኝ፤ ግን ዘሩን ፈጭቶ እዚያው ስለሚተወው አሁንም በማጥለያ ነው የምሠራው። ማንኪያውን የምትጫነው ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት የሽማግሌውን ጅብ ተረት ጀመርኩላትና በሩ ሲቀረቀር እኔም አብሬ ቆምኩ። አህያዋ እንዴት እንዳመለጠች ጨርሶ ጠፍቶኛል። ያ በድካም የሰማሁት መጨረሻ እንደ ማርማላታው ለስልሶ ወርዶ ምንም ሳይተው ቀርቷል። የጥዱ በር፣ የዴራ ሙቀት፣ የግራው ጆሮ ግን እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ ናቸው። መጨረሻውን እንደረሳሁት ነገርኳትና የቀረልኝን ቀጠልኩላት፤ ነገሬም አጎትየውና ድመታቸው ጋ ደረሰ።

ልጄ «ግድ የለም» አለችኝ። «የድመቷ ስም ማን ነበር?»

አባባ ስሟን አልነገሩኝም። «ማንኪያሽ ቆሟል» አልኳትና፣ እሷ መጫን ስትጀምር እኔ ስም ፍለጋ ገባሁ።