ባለአገሯን «እንኳን ደህና መጡ» ያልኩ ዕለት

ሦስት ልጅ ያሳደግኩትን፣ የሰው ልጅ ደግሞ ስንቱን የጠበቅኩትን እኔን፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ አንዲት ልጅ እግር መምህርት «ገና አልበቃሽም» የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ «ኖት ዬት ኮምፒተንት» ነው የሚሉት። ወደቅሽ ላለማለት ነው፤ ያው በገሌ! ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እስከ ሜልቦርኑ ሰፈሬ እስከ ኮሊንግዉድ ድረስ ትራም ላይ ከንፈሬን ነክሼ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት ኮሪደሩን ስወለውል የኖርኩበት ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ ሆኜ ገባሁ፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለመሥራት የሚያበቃ ሰርተፊኬት ለመያዝ። የጽዳት አለቃዬ እንኳ ደስ ብሎት ሺፍቴን አዛወረልኝ። በሰፈራችን ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ «ሰርተፊኬቱን ይዘሽ ነይ፣ ሥራው ያንቺ ነው፤ ግን ከቀጣዩ ተርም አያልፍም» ብሎኛል። ወገቤ ከእንግዲህ መወልወያ አልችልም ብሏል። ሁሉንም ትምህርት አልፌ የቀረችኝ ያቺ የወደቅኩባት አንዷ ነበረች።

የቀረችኝ ትምህርት ስለ አገሩ ቀደምት ሕዝቦች ናት። ሕፃናት የሚያስተምር ሁሉ ሊማራት ግድ ነው። መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ለምኔ ነው?» ብዬ አጉረምርሜ ነበር፤ አልዋሽም። ከመምህርቷ ጋር የሚያስተምሩን የወሩንጀሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ሜልቦርን ያረፈችበት መሬት የእነሱ ነው። ሁሉም ሰው «አንቲ» ይላቸዋል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ሁሉ አለቃውን በስሙ በሚጠራበት አገር ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔም ለሳቸው ስናገር ጎንበስ እያልኩ አካክሰዋለሁ።

አንድ ቀን ስለ እናታቸው ነገሩን። በሕፃንነታቸው መንግሥት እናታቸውን ከወላጆቻቸው ጉያ ነጥቆ ወስዷቸው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይገረፉ ነበር። አንቲ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። እኔ ግን እንባዬ ዝርግፍ አለ። «አይዞሽ፣ እንባ ማርክ አያሰጥም» ብለው ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለምኔ ነው» ብዬ አላውቅም።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ስብሰባ እንደሚከፍት ሰው ቆመሽ፣ በሰው መሬት ላይ መሆንሽን ተናግረሽ፣ ለባለመሬቶቹ ያለሽን አክብሮት መግለጽ ነው፤ ሁለት ደቂቃ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ግን የባለመሬቶቹ ብቻ ነው፤ እንግዳ አይለውም። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ በቀይ አስምሬበታለሁ።

የፈተናው ዕለት የመጀመሪያዋ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ልክ ፊት ለፊት ስቆም አንቲ በሩን ከፍተው ገቡ። ተማሪው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ትልቅ ሰው ሲገባ ዝም ብዬ ማየት የት ለምጄ! ሮጬ ወንበር ሳብኩላቸው፣ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው፣ ከዚያም በሙሉ ድምፄ «ወደ አገራችን እንኳን ደህና መጡ!» አልኳቸው።

አንቲ የሳብኩላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አመሰግናለሁ የኔ ልጅ፤ እኔ እንኳ እዚህ ትንሽ ቆየት ብያለሁ» አሉ።

እሳቸውም ሳቁ፣ ክፍሉም ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ምላሴ ተሳስሮ ያጠናሁትን ሁሉ አጣሁት።

ቤት ገብቼ ለትንሿ ልጄ ስነግራት «ማሚ! ሲሪየስሊ?» ብላ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ሲወጣላት ግን አዘነችልኝ፤ ሌሎቹ የሚያነቡትን ጽሑፍ አውርዳ ፕሪንት አደረገችልኝ። «ጀስት ሪድ ኢት፣ አንብቢው ብቻ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያንን ያነበበ ሁሉ አልፏል። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ያነባል፣ ይጨርሳል፣ ይቀመጣል። ሳምንቱን ሙሉ በቃሌ ያዝኩት፤ ግን አልዋጥ አለኝ። ባነበብኩት ቁጥር ሰው ቤት ሳልጣራ ዘው ብዬ የገባሁ እየመሰለኝ እናደዳለሁ።

የድጋሚው ፈተና ደረሰ፤ አንቲም ከመምህርቷ ጎን ተቀምጠዋል። ሦስተኛ ዕድል የለም። ስሜ ሲጠራ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። መምህርቷ የተቆጣሁ መስሏት ብድግ አለች። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ።

«እኛ አገር» አልኩ በዚያች በእኔ እንግሊዝኛ፣ «የሰው ግቢ የሚደርስ ሰው አጥሩ ጋ ቆሞ ይጣራል። ባለቤቱ ግባ እስኪለው እግሩን አያነሳም። እናንተ አገር ግን ሳልጣራ ገባሁ። ልጆች ወለድኩ፣ ቤት ሠራሁ፣ የማን ግቢ እንደሆነ ሳልጠይቅ። አንቲ፣ እጅግ ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ በአማርኛ፣ አጥር ማዶ እንደሚሰማ አድርጌ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።

መልስ ለመስማት ቆምኩ። መምህርቷ «ቀጥዪ» በሚል እጇን አወዛወዘች። አልቀጠልኩም። ሰዓቷን አሳየችኝ። ሥራው በእጄ ላይ ሲተንን ይታየኛል። ቢሆንስ! ተጣርቶ መልስ ሳይሰማ የሚገባ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? ግትር ነኝ፣ ቆምኩ።

አንቲ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ስንት ዘመን ሲያነቡልኝ ኖርኩ» አሉ ወደ መምህርቷ ዞረው። «መልሴን የጠበቀ ሰው ግን አላስታውስም።»

መምህርቷ ሰዓቷን አስቀመጠች። በማግስቱ «ኮምፒተንት» ብላ ጻፈችልኝ፤ አሁን ሕፃናት አስተምራለሁ። እሷም ከዚያ ተርም ወዲህ ተማሪዎቿ ንግግራቸውን ሲጨርሱ አንቲ እስኪመልሱላቸው ቆመው እንዲጠብቁ ታደርጋለች። ያንን ኮሌጅ ይህን ያስለመድኩት ወለሉን ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ።

ዜግነት በተቀበልኩ ቀን ከንቲባው እጄን ጨብጦ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎኝ ነበር። እኔም ከባለቤቱ የመጣ መስሎኝ አመስግኜ ኬኬን በልቻለሁ። በድጋሚው ፈተና ዕለት ግን አንቲ ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሱና እስከ በሩ ድረስ መጡ፤ እጃቸውንም ዘረጉልኝ።

«ግቢ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ግቢ።»

ገባሁ።