ከመስኮት ያራቋት ልጅ

በቀበሌያችን ከእኔ በላይ ያነበበ ገበሬ የለም። ፊደል በራሴ ለየሁ፤ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም በራሴ ተማርኩ፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ስለዚህ መምህሩ የልጅ ልጄን «ቀልቧ አይሰበሰብም፣ ባትደክሙ ይሻላል» ብሎ ሲልክብኝ፣ እሺ ብዬ የምቀመጥ ሰው አልነበርኩም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የልጅቷ እናት፣ ማለትም የእኔ ልጅ፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ልጅቷን ከጭሱ ውስጥ ጎትቶ ያወጣት ጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አሁን የአባቷ እህት ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ልታስቀጥራት መጥታለች።

«አትማርም ከተባለ ምን ይጠብቃሉ፣ አባባ? ሳህን ለማጠብ ቀልብ አያስፈልግም» አለችኝ።

አውቶቡሱ በማግስቱ ጠዋት ነው። አክስቷን አስከትዬ ትምህርት ቤት ወረድኩ።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «አባቴ፣ መቀመጫዋ ላይ አትረጋም። ስጠይቃት ምን እንደጠየቅኋት እንኳ አታውቅም። ማሠልጠኛ እያለን ተምረነዋል፤ አብሮ የሚወለድ ነው።»

«አብሮ የተወለደውን ማየት ከፈለግህ እኔን እይ» አልኩት። «ዳዊት ስደግም ዓይኔ ዝንብ ይከተላል። ሰርግ ላይ ወጡ ሳይወጣ እነሳለሁ። እናቴ ጀርባዋ ላይ እንኳ አልረጋም ነበር ትል ነበር። አብሮ የተወለደ ክረምት ከበጋ፣ ደስታ ከሐዘን አይለይም። እሷስ? በመስከረም እንዴት ነበረች?»

አሰበ። «በመስከረም ደህና ነበረች። እስከ ጥርም ደህና ነበረች።»

አክስቷ ሳቀች። «በሽታው እንደ ጾም ወቅት አለው እንዴ፣ አባባ?»

በእጄ ኮረብታውን አሳየኋት። ለገብስ የደከመ መሬት በበጋ ይታረስና አፈሩ ተከምሮ በኩበት ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። ጓይ እንለዋለን። ከየካቲት ጀምሮ ጭሱ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ ስለለመደው አይሸተውም፤ ከተቃጠለ ቤት የወጣች ልጅ ግን ይሸታታል።

መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሮ ተመለከተ። «እኔ ደግሞ ውጭ ውጭ ታያለች ብዬ ከመስኮቱ አንስቼ ጥግ አስቀመጥኳት።»

«ጥግ ሆና ጭሱ ይሸታታል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አታይም። ወደ መስኮቱ መልሳት።»

«ካባሰባትስ?»

አክስቷ ቀደመችኝ። «ካባሰባት ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ያኔ ወረቀት አንብቤያለሁ እንዳይሉኝ።»

«እሺ» አልኩ።

እኔና አክስቷ ከክፍሉ በስተኋላ ቆምን። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። መምህሩ ሦስት የማካፈል ጥያቄዎች ጻፈ። ወዲያው ነፋሱ ጭሱን ይዞ ገባ። ዴስኩን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አክስቷ ክርኔን ነካችኝ። መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል በእጄ ዝም አሰኘሁት።

ልጅቷ ኮረብታውን አየች። ክምሮቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ የእኛን መንደር ጣሪያዎች ፈለገች፤ ጭስ ሳይነካቸው አገኘቻቸው። ቁጭ አለች። አንድ መስመር ጻፈች፣ ወደ ውጭ አየች፣ እንደገና ጻፈች።

መምህሩ ሄዶ ደብተሯን ተመለከተ። «ሁለቱን አግኝታለች። ሦስተኛውን ስታለች።»

«ስታለች አሉ እኮ» አለች አክስቷ።

«ሌሎቹም ስተውታል» አለ መምህሩ። «እዚሁ ትቀመጥ።»

ጠዋት አክስቷን ብቻዋን አሳፈርኳት። ከዚያ ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት ስሸኝ መንገድ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ዛሬም ጓዩን ያነዳሉ?»

«ያነዳሉ። እዚያ ከኮረብታው ላይ ነው። ከመስኮቱ ታይዋለሽ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማኝ ሄደች።