ከዳንቴሉ ሥር

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ ሳል። እኅቴ ሰዓዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ኪሮሿን አቁማ ሳለች፤ ቀጠለች፤ እንደገና አቁማ ሳለች። "ክሩ ነው፤ ብናኙ ጉሮሮዬ ገባ" አለች። ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ደሴ ላይ የማይስል ሰው ስለሌለ ሁለታችንም ከዚያ በላይ አላሰብንበትም።

ይህን የምጽፈው በቤታቸው እንዲህ ያለ ሳል ላለባቸው ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ሰዓዳ ታናሼ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአባታችን ቤት አብረን ነበር የምንኖረው። ቤቱ ከሰኞ ገበያ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ በራችን ላይ ያርፋል። ልብስ በሳጥን እንዳለ ይሻግታል። ግድግዳው ያልበዋል። ሰዓዳን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ክፉኛ ያማት ስለነበር ዐረብ አገር የሚሠራው ልጇ ጀማል ኤሲ አስገጠመላት። እኛ ኤሲ የቆላ ሰው ዕቃ ይመስለን ነበር። ይኼኛው ግን ያቀዘቅዛል፣ ያሞቃል፣ እርጥበትም ይመጥጣል። ክረምቱን ቀን ቀን እርጥበቱን እንዲመጥጥ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ እንዲያሞቅ እናደርገው ነበር። የተገጠመው ከሰዓዳ አልጋ በላይ ነው። በዚያው ክፍል የእኔ አልጋ በበሩ በኩል ነው።

ሰዓዳ ያለ ዳንቴል የምትተወው ዕቃ አልነበራትም። ለቴሌቪዥኑ፣ ለፍሪጁ፣ ለሬዲዮው ሠርታለች። ለኤሲውም ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፤ ከላይ ተነጥፎ በፊቱ በኩል ትንሽ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ አበባ ያለው። ጎረቤታችን ወርቄ ልትመርቅ መጥታ ቀና ብላ አየችውና፣

"ምነው ሰዓዳ፣ ማሽኑን ሒጃብ አለበስሽው?" አለች።

"ያንቺ ቴሌቪዥን ነጠላ ለብሶ ቅዳሴ ሊሄድ ነው የሚመስለው፤ ማን ምን አለሽ?" አለቻት ሰዓዳ።

ያን ቀን ብዙ ሳቅን። የመጀመሪያው ክረምት በደኅና አለፈ። ክፍሉ ደርቆ፣ አልጋው ሞቆ፣ ጀማልን ስንመርቅ ከረምን።

ሳሉ የጀመራት በሁለተኛው ክረምት ነው። ከሳሉ ቀጥሎ ወደ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጣ። ከዚያ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቆማ አጥር ትደገፍ ነበር። ከሳች። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ኒሞኒያ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። አልተሻላትም። ሌላ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። የአክታ ምርመራ ተደረገላት፤ ቲቢ የለም ተባለ። ኤክስሬይ ተነሣች፤ "ትንሽ ጥላ አለ፤ ክትትል ያስፈልጋል" አሉን።

ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል። የሚገባው ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ መስኮቱን ያያል። "ዝጉት እንጂ፤ ብርድ ይመታታል።" እንዘጋለን። "ሙቀቱን ጨምሩላት።" እንጨምራለን። የሚወዳት ሁሉ የሚላት ይህንኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበር። ግን በክረምት ቤቱ በሙሉ እንደዚያ ይሸታል፤ ለይተን አላወቅነውም።

ልጇ ሐያት ኮምቦልቻ ነው ያለችው። "እማን ስጡኝ፤ ቆላው ይሻላታል" ብላ መጥታ ወሰደቻት። ታክሲው የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሰዓዳ ስትስል ነበር የሄደችው። በሳምንቱ በስልክ ድምፅዋ ተለወጠ። ቀጥሎ ትኩሳቱ ለቀቃት። የሐያት ቤት መስኮቶች ከሙቀቱ የተነሣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ሰዓዳ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለልጅ ልጇ የአንገት ልብስ መሥራት ጀመረች። ሁላችንም የቆላው አየር ተስማማት አልን። አየሩን አመሰገንን። ቤቱን ማንም አልጠረጠረም።

መውሊድ ሲቃረብ እመለሳለሁ አለች። ሐያት ተቆጥታ፣ "የልጅሽ ቤት የሰው ቤት ነው እንዴ?" አለቻት።

"የልጄ ቤት የልጄ ነው። የእኔ ቤት እታለም ጋ ነው" አለች ሰዓዳ። እታለም የምትለው እኔን ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

መጣች። በሳምንቱ ታመመች። እንደገና ኮምቦልቻ ወረደች። እንደገና ተሻላት። ነገሩ ሁለት ጊዜ ሲደገም ማየት የነበረበት ሰው ባያይ ይገርመኝ ነበር፤ እኔም ከማያዩት አንዷ ነበርኩ።

በዚያ ብርድ ወቅት ብቻዬን ስሆን እኔንም ሳል ጀመረኝ። ያንን ክፍል ዘግቼ፣ አሙቄ ነበር የምተኛው። ለሰዓዳ አልነገርኳትም። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ ሳልኩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች። ቀላል ነው አልኳት። በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሻንጣዋን ይዛ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ነበር የመጣችው።

አስታመመችኝ። ሾርባ ሠራች። መስኮቱን ዘጋች። ማሽኑን ከፈተች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቆረ።

ወርቄ መኪና ጠራች። ሆስፒታል ገባን። ኦክስጅን አደረጉላት። መናገር አልቻለችም።

ሲቲ ስካን ከተነሣች በኋላ የመጣው ዶክተር ወጣት ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ እንጂ እንደ ሌሎቹ ቆሞ አልጠየቀንም። ሰዓዳ ያን ጊዜ ትንሽ ትንፋሽ አግኝታ ነበር።

"እናቴ፣ ኮምቦልቻ ሲሄዱ ይሻልዎታል፤ ሲመለሱ ያምዎታል። እኅትዎም ይስላሉ። ቤታችሁ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? ርግብ? ዶሮ? የሻገተ እህል?"

"ርግብም ዶሮም የለን። ያለችን እታለም ብቻ ናት" አለች ሰዓዳ ከኦክስጅኑ ሥር። ነርሷ ሳቀች።

"ማሞቂያ ትጠቀማላችሁ?"

ስለ ኤሲው ነገርኩት። እርጥበት እንደሚመጥጥም ነገርኩት።

"መቼ ነው የተጠረገው?"

"በየጁምዓው እወለውለዋለሁ" አልኩ።

"ዳንቴሉም በየጊዜው በስታርች ይታጠባል" አለች ሰዓዳ።

"ውስጡን ማለቴ ነው። ተከፍቶ ያውቃል?" አለ ዶክተሩ።

እንደሚከፈት አናውቅም ነበር። የገጠመው ሰው ሪሞቱን ሰጥቶን ነው የሄደው።

በሽታው ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒውሞናይተስ ይባላል። ሳንባ ሻጋታን ወይም የወፍ ላባን የመሰለ ነገር ደጋግሞ ሲስብ በአንዳንድ ሰው ላይ ይቆጣል፤ ይቆስላል። ምክንያቱ ቶሎ ከተወገደ ቁስሉ ይድናል። ከቆየ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ፋይብሮሲስ ይባላል። ዶክተሩ የእኔንም ሳንባ አስመረመረ፤ ቁስል ነበር። የሰዓዳው ግን ጠባሳ ሆኖ ነበር።

"ጠባሳውስ?" አልኩት ኮሪደር ላይ።

"ጠባሳ አይመለስም እናቴ። እንዳይጨምር ነው የምንሠራው።"

ከሆስፒታል ስትወጣ ከነኦክስጅኗ በቀጥታ ኮምቦልቻ ወሰድናት። እኔ ቤቱን ለማስጠረግ ወደኋላ ቀረሁ። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ጥቂት ሰው ስለሆነ የሚጠርገውን ያገኘነው ከኮምቦልቻ ነው፤ ኢድሪስ ይባላል፤ ቤት ለቤት እየዞረ ኤሲ መጥረግ ሥራው ነው። ሲገባ፣ "ወላሂ ደሴ ለኤሲ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ የናንተ አገር ሰው በጋቢ የሚኖር ይመስለኝ ነበር" አለ። ዶክተሩ እንዳዘዘኝ ማስክ አድርጌ ከበሩ ውጭ ቆምኩ።

መጀመሪያ መብራቱን አጠፋ። አልጋዎቹን አወጣ። ዳንቴሉን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ አጥፎ ሰጠኝ። የፊቱን ክዳን ከፈተው። ማጣሪያው እንደ ድሮ ብርድ ልብስ በአቧራ ተሸፍኗል። ከጀርባው ያለው ብረት እርጥብ ነው። የሚሽከረከረው ማራገቢያ በጥርሶቹ መካከል ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ነገር ሞልቶበታል። ከሥር ያለው ገንዳ ውስጥ ውኃ ቆሟል፤ መውረጃው ቱቦ አተላ በመሰለ ነገር ተደፍኗል።

"እማ፣ ይሄ ተጠርጎ አያውቅም እኮ" አለ።

"ዳንቴሉ ነው እንዲህ ያደረገው?"

"ዳንቴሉ ምን ያደርጋል? ሸፍኖት ነው እንጂ። ውኃው ነው። በእርጥብ አገር ውኃው ካልወረደ ውስጡ ይበቅልበታል። ከዚያ ስትከፍቱት የበቀለውን ይነፋባችኋል።"

ግድግዳውን በላስቲክ ጋረደ። ከማሽኑ ሥር ውኃውን የሚሰበስብ ሸራ አሰረና ጫፉን ባልዲ ውስጥ ከተተ። የማጽጃ ፈሳሽ ረጨበት፤ እስኪሠራ ጠበቀ፤ ከዚያ በፓምፕ አጠበው። ባልዲው ውስጥ የወረደው ውኃ ጥቁር ነበር። ደፋው፤ እንደገና አጠበ፤ አሁንም ጥቁር ነበር። ማራገቢያውን ፈትቶ ጓሮ ወስዶ በብሩሽ ፈተገው። ቱቦውን በአየር ነፋው። በመጨረሻ የሚወርደው ውኃ ጠራ። ማሽኑን ገጥሞ፣ ያለ ሙቀት አየር ብቻ እየነፋ እንዲደርቅ ለቀቀው። መስኮቱንም ከፈተ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሰዓዳ ደወለች።

"ተጠረገ?"

"ተጠረገ።"

"አሁን ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው።"

"እንግዲያ ሐያትን መኪና ጥሪላት በያት።"

ዶክተሩ የነገረኝን አልነገርኳትም ነበር። የሰዓዳ ሳንባ ያንን ክፍል ለይቶታል፤ ቢጠረግም በግድግዳው፣ በአልጋው፣ በልብሱ የቀረው ጥቂቱ ይበቃታል፤ አትመለስ ብሎኝ ነበር።

"ዶክተሩ ገና ነው ብሏል" አልኳት።

"ገና" አለች።

እኔም ኮምቦልቻ ወረድኩ። መድኃኒታችን አንድ ነበር፤ ፕሬድኒሶሎን ይባላል፤ በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ እንጂ በራስ ፈቃድ የማይቆም ክኒን ነው። እኔን ፊቴን አሳበጠኝ፤ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ሳሉን ግን ከወር በኋላ ቀስ አድርጎ ወሰደልኝ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ መንገዱ ማዶ ሱቅ፣ በኋላም ቲማቲም ይዤ ሳላርፍ እስከምመለስበት ድረስ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። እየተሻለኝ በሄደ ቁጥር ሰዓዳ ፊት መሄድ ያሳፍረኝ ነበር። እሷ ግን ከበረንዳው ትቆጥረኝ ነበር። "ዛሬ አልቆምሽም፤ አየሁሽ" ትላለች።

ዳንቴሉን አምጪልኝ አለችኝ። አፍልቼ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሰጠኋት። ጫፉን ፈልጋ ትፈታው ጀመር።

"ምነው፣ ይህን ያህል ደክመሽበት?"

"ክሩ ምን አጠፋ? ለሐያት ልጅ ይሆናል።"

ትንሽ ትፈታና ታርፋለች። ትንሽ ትሠራና ታርፋለች። የኦክስጅኑ ቱቦ ክንዷ ላይ ሲጠለፍ ሳትናገር ታነሣዋለች። አንድ ቀን፣ "እታለም፣ ጓሮ ያለው ኮክ አብቧል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አልጠየቀችኝም።

ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ጠዋት ነበር። ሐያት ሻይ ልታመጣ ወጥታለች። እጇን ይዣለሁ። ትንፋሿ አጠረ። ቆየ። አንዴ ተመለሰ። ሁለተኛ አልተመለሰም።

ቀብሯ ደሴ፣ አባታችን አጠገብ እንዲሆን አደራ ብላ ነበር። ሐረጎን ወጣን። ጉም አልነበረም። መኪናው በቤታችን በር አለፈ። አልቆመም።

አሁን ደሴ ተመልሻለሁ። ግድግዳው ተፍቆ በኖራ ተቀብቷል፤ ፍራሾቹ ወጥተዋል። ሳንባዬ ደኅና ነው፤ በየጊዜው እታያለሁ። ኤሲውን ለራሴ ጤና ብዬ አስነቀልኩት፤ ኢድሪስ ጠርጎ ደረቅ አገር ላለ ሰው ወሰደው። ጀማል ሲደውል ሁልጊዜ ወሬውን እዚያው ላይ ያደርሰዋል። "እታለም፣ እኔ የላክሁት ነው አይደል?" ይለኛል። "አይደለም። ሳይጠረግ የቆየ እርጥበት ነው" እለዋለሁ። እውነቱ ይህ ነው። እስኪቀበለው እደግመዋለሁ።

እንደኛ በእርጥብ አገር እንዲህ ያለ ማሽን ያላችሁ፣ ስትጠቀሙበት ማጣሪያውን በየአሥራ አምስት ቀኑ አውጥታችሁ በውኃ እጠቡና አድርቃችሁ መልሱት፤ ይህን ራሳችሁ ትችላላችሁ። ውስጡን ግን ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ በሙያው የሚሠራ ሰው ይጥረገው። ሲጠርግ ታማሚ ቤት ውስጥ አይኑር። ውኃው በቱቦው እየወረደ መሆኑን እዩ። ከላዩ ምንም አታልብሱት። ሰዋችሁ ከቤት ሲወጣ የሚሻለው፣ ሲመለስ የሚያመው ከሆነ ደግሞ ይህችን አንዲት ነገር ለሐኪሙ ንገሩት። እኛ ሳንነግረው ቆየን፤ ዶክተሩ ተቀምጦ ስለጠየቀን ነው እኔ የተረፍኩት። አላህ ጀዛውን ይክፈለው።

ወርቄንም አመሰግናለሁ። አሁንም ወደ ማታ ትመጣለች። ባለፈው ጉሙ ሲወርድ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እንደ ልማዷ ልትዘጋው ብድግ አለች።

"ብርዱ ገባ እኮ" አለችኝ።

"ይግባ" አልኳት።

መስኮቱን አየች፤ የሰዓዳን አልጋ ቦታ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ አጠገቤ ተቀመጠች። ጉሙ ገባ። ሁለታችንም አልሳልንም።