ለንዴት የተሰጠ የነርቭ ኪኒን

ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ሥራው ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ። የተቃጠለ ሞተር ይፈታል፣ የከሰለውን ጥቅል በመሮና በመዶሻ ይነቅላል፣ ስንት ዙር እንደነበረ ይቆጥራል፣ በአዲስ የመዳብ ሽቦ መልሶ ይጠቀልላል። ሃያ ስድስት ዓመት ይህንኑ ሠርቷል። የሽቦ ውፍረት መለኪያ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው ግን ደንበኛ ሲጠራጠር ብቻ ነው። እሱ ሽቦውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አንዴ ሳብ ያደርግና «ዜሮ ነጥብ አምስት» ይላል። ሲለካም ያው ነው።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር ቁጣው ነው። ሞተሩን ውሃ አጠጥቶ «እንዲሁ ቆመብኝ» የሚለውን ደንበኛ «አንተ ነህ ያቆምከው» ብሎ ፊት ለፊት ይነግረዋል። ቤቱ ሲገባም ያው ነው፤ የላላ ማጠፊያ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ግማሽ የተዘጋ መሳቢያ ደሙን ያፈላዋል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ዓመት ችላ ችላ አንድ ቀን ለታናሽ ወንድሟ፣ «ይሄ ሰውዬ ነርቭ አለበት» አለችው።

ጉድ የሠራችው ያቺ ቃል ናት። እሷ ማለቷ ቶሎ ይናደዳል ነው። እንዲያ ነው የምንናገረው፤ ግልፍተኛውም ነርቭ፣ ጭንቀታሙም ነርቭ፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውም ነርቭ። ወንድሟ ደግሞ የስፖርት ዱቄትና ቫይታሚን የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ፋርማሲስት አይደለም፤ ድሮ ጫማ ነበር የሚሸጠው። ነጭ ጋዋን ግን ይለብሳል። «ነርቭ» የሚለውን ሲሰማ ዞር አለና የአከርካሪ አጥንት ሥዕል ያለበት ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደ።

«ለጋሼ ይሄን ስጪው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ነርቭ ያረጋጋል።»

«መድኃኒት ነው? መድኃኒት ከሆነ አይውጥልኝም።»

«ቫይታሚን ነው እትዬ። ምግብ በይው። የተረፈው በሽንት ይወጣል።»

ሽቦ ዋጠው። ቤቱ ውስጥ ሰላም ይሁን ብሎ ዋጠው። በአራተኛው ወር የእግሩ ጣቶች ይነዝሩት ጀመር፤ ካልሲው ውስጥ ጉንዳን የገባ እየመሰለው ደጋግሞ አውልቆ አራገፈው። ሚስቱ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟም «ነርቩ በጣም ደክሞ ነበር ማለት ነው» ብሎ ሁለተኛ ጠርሙስ ጨመረ፤ ይሄኛው «ለአንጎልና ለነርቭ» ይላል። መንዘሩ ወደ እጁ ሲወጣ ሦስተኛ መጣ፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል።

በዘጠነኛው ወር የዳቦ ቤቷ ባለቤት የሊጥ ማቡኪያዋን ሞተር አሸክማ መጣች። ሽቦ ከጠቀለለው ሦስት ቀኑ ነው። ጨሷል።

«ሌላ ሰው ቢያቃጥልብኝ አይገርመኝም» አለችው። «አንተ ግን?»

አፉን ለቁጣ ከፈተ፤ የሚቆጣው ሰው አጣ። ጥቅሉን ፈታና ሽቦውን በመለኪያው ያዘው። በጣቱ ዜሮ ነጥብ ስድስት ያለው ዜሮ ነጥብ አምስት ነበር፤ የቀጠነ ሽቦ ደግሞ ግሎ ይቃጠላል። ሽቦውን እንደገና በሁለት ጣቱ መሃል ሳበው። ምንም አልነገረውም። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለ ክር ቢስብም ያው በሆነ ነበር። እነዚህ ጣቶች ከሄዱ ሌላ ሙያ የለውም።

ከዚያ በፊት ሁለት ክሊኒክ ሄዷል። ሁለቱም «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለውት ሁለቱንም «የለም» ብሏቸዋል። መዋሸቱ አልነበረም፤ ቫይታሚን መድኃኒት አይደለማ። ስኳሩን ለኩት፣ ደህና ነው። መጠጥ ጠየቁት፣ አይጠጣም። ሦስተኛዋ የነርቭ ሐኪም ነበረች። እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካክታ ስታበቃ፣ «መድኃኒቱ ይቅር። ለነርቭ ብለው የሚወስዱት ነገርስ?» አለችው።

«ለነርቭማ ሦስት አለኝ።»

«አሁኑኑ ያምጡልኝ።»

በፌስታል ይዞ ተመለሰ። አንድ በአንድ አገላብጣ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች።

«ቢ ስድስት፣ መቶ ሚሊግራም። ይሄኛው ፒሪዶክሲን ይላል፤ እሱም ያው ቢ ስድስት ነው፣ መቶ። ይሄም፣ ሃምሳ። ሁለቱን በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ የሚሟሟውን አንዴ። አራት መቶ ሃምሳ። ሰውነትዎ በቀን የሚፈልገው ሁለት ሚሊግራም አይሞላም።»

«የተረፈው በሽንት አይወጣም?»

«ይሄን ያህል ለወራት ሲወሰድ የስሜት ነርቭን ራሱን ይጎዳል። መጀመሪያ ነርቭዎ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም። ተናዳጅ ነኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ስሜቱ ይመለስለት እንደሆነ ሲጠይቃት አልሸነገለችውም። ሁሉንም ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ብዙው በወራት ይመለሳል፣ ሁሉም ላይመለስ ይችላል አለችው።

እስከ ሚስቱ ወንድም ሱቅ መንገዱን ሁሉ ጥርሱን እያፋጨ ሄደ። የገዛ ራሱም ከቁጣው አላመለጠም። የስም ሰሌዳውን ሳያነብ፣ ቮልቱን ሳያይ የነካው ሞተር የለም። የሚውጠውን ነገር ጀርባ ግን አንድ ቀን አላየም። ሐኪሟ ያለችውን በስልክ ነግሯት ስለነበር ሚስቱ ሱቁ በር ላይ ደረሰችበት። ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ ፈተና የማስታወስ ኪኒን እያስመረጠች ነበር። ሽቦ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጀርባውን አንብብልኝ።»

«ጋሼ፣ ረጋ በል፤ ደንበኛ አለ።»

«ደንበኛ ስላለ ነው። ፒሪዶክሲን ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን ነዋ።»

«የትኛው?»

ወንድምየው ጋዋኑን አስተካከለ።

«ለሁለት መቶ ሃያ ቮልት በተሠራ ሞተር ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ለቀቅክበት» አለ ሽቦ። «ሲጨስ ደግሞ ጨምሩለት አልክ። የማታነበውን ነገር ሰውን ታስውጣለህ?»

«እትዬ፣ አየሽው አይደል? ይኸው ነርቩ ተነሳበት።»

ሚስትየዋ በባሏና በወንድሟ መሃል ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነርቩ አልተነሳም» አለች። «ተናዶ ነው፤ ይናደድ። ቃሏን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። ጠርሙሱን ያወረድከው ግን አንተ ነህ። ጋዋኑን አውልቅ።»

አላወለቀም። ለልጇ ኪኒን ልትገዛ የመጣችው እናት ግን ጠርሙሷን አገላበጠች፣ ከጀርባ ያለውን ለማንበብ ዓይኗን አጠበበች፣ መልሳ አስቀምጣ ወጣች።

ሰባት ወር አለፈ። መጀመሪያ እግሩ ተመለሰ፣ ቀጥሎ አውራ ጣቱ። የሌባ ጣቱ ጫፍ ግን ዛሬም ጓንት ያጠለቀ ያህል ነው። የውሃ ፓምፕ ይጠቀልላል፣ የወፍጮ ሞተር ይጠቀልላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ሞተር ይዛለት መጣች፤ ጡጫ የማታህል፣ ሽቦዋ ከፀጉር የማይወፍር። አገላብጦ አያትና መለሰላት።

«ይሄን አልችልም። ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰውዬ ይሥራልሽ።»

«ቀልዱን ተወውና መቼ ልምጣ?»

«አልችልም አልኩሽ እኮ።»

ድምፁ መንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሞተሯን ታቀፈች። እሱ ካርቶን ቀደደ፣ የዚያኛውን ሰውዬ ስልክ ይጽፍላት ጀመር። ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሳውና ቁጥሩን ጨርሶ ሰጣት።