ቻርጁ እንዳያልቅ

ትናንት ከፋብሪካ ስመለስ ክርኔን በብረት በሩ ጠርዝ መታሁት። ያቺን ቦታ ታውቃታለህ፤ ስትመታ ሕመሙ እዚያው አይቆምም። ከክርኔ ተነስቶ እስከ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ድረስ ነዘረኝ። ቦርሳዬን ለቅቄ አንዱን እጄን በሌላው ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ንዝረቱ እስኪለቀኝ ስጠብቅ የአልኮልና የሞቀ ላስቲክ ሽታ ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ደክሞኝ ነበር። ሰው ሲደክመው ትዝታን ገፍቶ መመለስ አይችልም።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከወሎ ወደ መቐለ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ገበያው ዳር ባለ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ ሰፍቷል። ባለሱቁ ጨርቅ ይሸጣል፣ አባቴ ይሰፋል። ሰው የሚያደንቀው ግን ስፌቱን ሳይሆን አቆራረጡን ነበር። የቆመውን ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አንዴ ያየውና በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ መቀሱን ያስገባል። መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ሲሄድ ላም ሣር ስትነጭ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማ ነበር። ልጅ ሆኜ ከመኪናው ሥር ተቀምጬ ያንን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ለሱብሒ ሶላት ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ በሁለት ወር ተመለሰለት፤ ንግግሩም ጫፍ ጫፉ ቢንሻፈፍም ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን ተጨብጦ ቀረ። እናቴ ቀድማ ስለሞተች በቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ፣ በመሃላችን ደግሞ ያ ጭብጥ ነበር።

ባለሱቁ ሊጠይቀው መጣና ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ «አብሽር፣ ቦታህን እስከ አረፋ ማንም አይነካብህም» አለው። ደግነት ነበር። አባቴ የሰማው ግን «እስከ አረፋ» የሚለውን ብቻ ነው። እንግዳው እንደወጣ፣ «አረፋ ስንት ወር ቀረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳልመልስ በግራ እጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ።

በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እወስደው ነበር። የፊዚዮቴራፒው ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አረንጓዴውን አልጋ ልብስ ግማሹን ታሞቀዋለች። ባለሙያዋ ወጣት የመቐለ ልጅ ነበረች፤ አማርኛ ስትናገር «ሐ» እና «ዐ» እንደ ትግርኛው ከጉሮሮዋ ሥር ይወጣሉ። አባቴን በቋንቋዋ «አቦይ»፣ አባቴ፣ ነበር የምትለው። መሣሪያው ግራጫ፣ የድሮ ሬዲዮ የሚያክል ነገር ነው። ክንዱን በአልኮል ትጠርግና ቀዝቃዛ ጄል ትቀባዋለች፤ በጄሉ ላይ ሁለት የላስቲክ ልጥፎች ታደርግና ቁልፉን በዝግታ ታዞራለች።

«አቦይ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ጉንዳን።»

«አሁንስ?»

«ብዙ ጉንዳን።»

ትንሽ ስትጨምር እጁ ተከፈተ። ራሱን ችሎ ተከፈተ። መጀመሪያ የእጁ አንጓ ወደ ላይ ቀና አለ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ ከወራት በኋላ መዳፉን አየሁት፤ ነጭ ነበር፣ በመሃሉ የጥፍሮቹ ምልክት ተቀምጧል። አባቴ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው።

«ሱብሐነላህ፤ ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የእርስዎ ነው እንጂ የማን ይሆናል» አለችው ባለሙያዋ እየሳቀች።

ከመጋረጃው ማዶ አንድ ሾፌር ይታከም ነበር፤ ወደ ኳሓ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ። ግማሽ ፊቱ ወድቆበት እሱም ጉንጩ ላይ ኮረንቲ ያስደርጋል። ያ ሰው ዝም ማለት አይችልም ነበር።

«ሼኽ!» ይላል ከማዶ፣ «እጅዎ ተነሣ? የኔ ሞተር እስካሁን በግፊ ነው የሚነሣው!»

«ኢንሻ አላህ ይነሣል። ሚስትህ ምን አለች?»

«ግማሹን ትወደዋለች፣ ግማሹን አላውቀውም አለች።»

አንድ ቀን ባለሙያዋ ውጭ አገር ያለ ሌላ መሣሪያ ነገረችን። ራስ ቅል ሳይከፈት ከላይ በማግኔት አንጎልን ይነካል አለች፤ የደከመውን ወገን ያነቃል፤ እዚህ ግን የለም። አባቴ በጣም ተገረመ። «ማግኔትማ እኔም አለኝ» አላት፤ «የወደቀ መርፌ የምለቅምበት።» ሾፌሩ ከመጋረጃው ኋላ፣ «እስቲ አናትዎ ላይ ያድርጉት ሼኽ፤ የዋጡት መርፌ ካለ ይወጣል!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን። አባቴ በሁለቱም ጉንጮቹ ሲስቅ ያየሁት ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ያን ቀን ልንወጣ ስንል ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች። «ሐፍተይ፣ እህቴ፣ ስሚኝ። ይሄ ማሽን ይቀሰቅሰዋል እንጂ ሥራውን አይሠራለትም። ሥራው እቤት ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት። ያንሣ፣ ያስቀምጥ፣ ያንሣ፣ ያስቀምጥ። ቢደክመውም፣ ቢቆጣሽም። ይሄ ያንቺ ነው፣ እሺ?»

እሺ አልኳት።

አንስቶ የሚያስቀምጠው የልብስ ቁልፍ ነበር። ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው፣ አንድ በአንድ። ልንገርህ፤ ያንን ያላየ ሰው ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም። አንድ ቁልፍ ለማንሣት ትከሻው፣ አንገቱ፣ ከንፈሩ ሳይቀር ይሠራል። ላቡ ይወርዳል። ያነሣው ቁልፍ ከሳህኑ ጫፍ ላይ ይወድቅና አልጋ ሥር ይንከባለላል፤ እኔ ተንበርክኬ ፈልጌ እሰጠዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ ልብስ የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው የጀመርኩት። አመሻሽ ላይ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ ከጥንቱ ምሽግ በታች፣ ተማሪዎች ተሰብስበው የጻፉትን እንደሚያነቡ ደርሼበት ነበር። እና ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር እግሬ ቤት ውስጥ አይቆምም። ጫማዬን እንዳደረግሁ ነበር ቁልፍ የማቀብለው።

በዚያ ሰሞን መብራት ይጠፋ ነበር። ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይሰካል፤ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ይከታል፣ ለቁም ነገር ይቆይ ብሎ። አባቴ የራሱን ስልክ በቀን ሁለቴ ብቻ ነበር የሚያበራው። ከዚህ ልማድ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት።

አንድ ማታ ሳህኖቹን ሳቀርብ በግራ እጁ ገፋ አደረጋቸው። ቀኝ እጁን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

«ዛሬ ይቅር» አለኝ።

«ለምን አባ?»

«ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ከሐኪም ቤት ስንመጣ ይሞቃል፣ ይላላል። ቁልፍ ካነሣሁበት በኋላ ግን ተመልሶ ግትር ይላል። ኮረንቲውን እየጨረስኩት ነው። ስልክም ካልነካካሽው ሦስት ቀን ይቆይ የለ? ላጠራቅመው። አረፋ ሲደርስ ሙሉ ይሆናል፤ ያኔ መቀሱን አነሣለሁ።» ቆም አለና ዓይኔን አየኝ። «ውሸት ነው?»

ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር። የባለሙያዋ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል፤ ተማሪዎቹ አሁን ዳገቱን እየወጡ ነው።

«እውነትህን ነው አባ» አልኩት።

ወጣሁ። የሮጥኩ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሳህኖቹ ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ ጠጡ። በየሳምንቱ ሦስት ቀን እንሄዳለን፣ እጁ በኮረንቲ ይከፈታል፣ አባቴ ትኩስ እንጀራ እንደያዘ ሰው ጠቅልሎ ይዞት ይመለሳል። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲገፋው «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። እኔ ስለዚያ እጅ ግጥም ጻፍኩ። መብረቅ አጠራቅሞ ስለሚተኛ እጅ። ኮረብታው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ አጨበጨቡልኝ፤ አንዱ ልጅ «ድገሚው» አለኝ፣ ደገምኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በሕይወቴ ብዙ ሰው ያጨበጨበልኝ በዚያ ግጥም ነው።

አረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባለሙያዋ እጁን ለካች። አንጓውን ወደ ኋላ ልትመልሰው ስትሞክር አልመለስ አላት። ጣቶቹን ልትዘረጋ ሞከረች። ኮረንቲውን ጨመረች፤ እጁ እንደ በፊቱ አልተከፈተም፤ ተንቀጠቀጠ ብቻ። ፊቷ ተለወጠ።

«አቦይ፣ እቤት ይሠራሉ?»

አባቴ በኩራት ፈገግ አለ። «አልነካሁትም፣ ልጄ። ቻርጁ እንዳያልቅ አስቀምጬዋለሁ። አንዲት ቁልፍ አላነሣሁበትም።»

ባለሙያዋ የያዘችውን እጅ በዝግታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነገረችው። ኮረንቲው እንደማይጠራቀም። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ። የሚቀረው በሥራ የተማረው ብቻ እንደሆነ፤ ያልሠራ ጅማት እንደሚያጥር። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺስ? ነግሬሽ አልነበር? ምን አልሽው?»

ጫማዬን አየሁ። አባቴም ዞሮ አየኝ፤ ያቺን ማታ በመስኮቱ ብርሃን እንዳየኝ አየኝ። በዚያች ቅጽበት ሁሉን አወቀ። እንዳወቀ አወቅሁ።

«እሷን ተያት» አላት ባለሙያዋን። «እሷማ ተው ብላኛለች። በየማታው ተው፣ ሥራ ትለኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። ግትር ሽማግሌ ነኝ፣ ወላሂ።»

በአላህ ስም ሲምል ሰምቼው የማውቀው ስለ ጨርቅ ጥራት ብቻ ነበር፤ ያውም እውነት ሲሆን።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። በየቀኑ፣ ጠዋትም ማታም ሠራን፤ ኮረብታውን ተውኩት። እጁ ጥቂት ተሻለው፣ ብርጭቆ ለመደገፍ ያህል። መቀስ ግን አልያዘም። የአረፋ ማግስት አዲስ ልብሱን ለብሶ ራሱ ወደ ባለሱቁ ሄደና ቦታውን ለሌላ እንዲሰጠው ነገረው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ሲቀጥር እኔ ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ፣ ቆራጩ ማሽን ነው፣ ድምፁም ሌላ ነው። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ስለዚያች ማታ አንዴም አላነሣብኝም። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ጀምሬ፣ «ሻይ አለ?» ብሎ አቋርጦኛል።

ግን ትናንት በሩ ላይ ቆሜ የመጣብኝ ይህ ሁሉ አይደለም። የመጣብኝ አባቴ በማለበት ቀን ከሆስፒታሉ የተመለስንበት ታክሲ ነው። የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ፀሐይ በመስታወቱ ፊታችንን ትመታናለች። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ራሱን ትከሻዬ ላይ ዘንበል አደረገና እንቅልፍ ወሰደው። ጭብጡ ጭኔ ላይ ነበር። ጣቴን በዝግታ ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ ወደዚያ ነጭ መዳፍ፣ ይከፈት እንደሆነ ለማየት። አልተከፈተም፤ ይልቅ ተኝቶ እያለ ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ያ እጅ የጠፋበት መያዝ ሳይሆን መልቀቅ ነበር። ጣቴን ለማውጣት የእሱን ጣቶች አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረብኝ፤ ያኔ ይነቃል።

ሰፈራችን ደረሰ። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ወራጅ አለ?» አለ።

ጣቴን ሳላወጣ ሰፈራችንን አለፍን።