ከመልሴ በኋላ የተረፈው ድምፅ

ሐጂ የደወሉልኝ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ሳለ ነው። «እትዬ፣ በሽተኛዎ አፉን ፈታ» አሉኝ።

በሽተኛ ያሉት የካሴት ዴኬን ነው፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሚዛን ተፈሪ ተዛውሮ ከሚሄድ ሹም የገዛው ማጫወቻ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ዝም ብሎ ኖሯል። ሐጂ ከጅማ መጥተው እዚህ የከተሙ ባለሱቅ ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው የድሮ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ይወዳሉ። ካሴቱን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ኖሮ በሌላ ለወጡለት፤ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝና ከስፒከሩ ጋር አገናኙት።

ሰሞኑን ስለዘነበ በሸኮ መንገድ በኩል ያለው ቡና ሁሉ አብቦ ነበር። ሽታው በመስኮት እየገባ ቤቱን እንደ ሕልም አደረገው። ቁልፉን ስጫን መክደኛው ቀስ ብሎ፣ ተለምኖ እንደሚከፈት በር ተከፈተ። የዴኩ መብራት ቢጫ ነው። እጄን ከቁልፉ አንስቼ እሱን ማየት ብቻ የሚበቃኝ መሰለኝ።

ሐጂ እስቲ አንድ ዘፈን ይሞከርበት አሉ። ጾም መሆኑን አስታወስኳቸው።

«እኔ እኮ ጾምዎን ከእርስዎ በላይ ነው የምጠብቀው፤ ሱቅ ሲመጡ ቅቤውን እንኳ እደብቀዋለሁ» አሉ።

ዘፈን የሌለበት አንድ ካሴት ብቻ ነበረኝ። ጎጃም የነበረው አባቴ ፊደል ስላልቆጠረ የምንጻጻፈው በድምፅ ነበር። አንዲት ካሴት ናት፤ ቡና በሚጭኑ ሾፌሮች እጅ ትመላለሳለች። እሱ ይናገርባታል፣ እሰማለሁ፤ በዚያው ላይ መልሴን ቀድቼ እመልሳታለሁ፤ እሱም የእኔን አጥፍቶ ይናገራል። ላስቀምጠው ያለ ማንም አልነበረም። የአባት ድምፅ ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? የመጨረሻውን መልሴን ቀድቼ መኪናው ሳይነሳ የአባቴ መርዶ ደረሰኝ። ካሴቷ እኔው ዘንድ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማኋትም።

በእስክሪብቶ አጠንጥኜ አስገባኋት። በቀጭን ድምፅ የምትቸኩል ልጅ መናገር ጀመረች። እኔ ነኝ። ጎረቤቱን አንድ በአንድ ሰላም አልኩ፤ እዚህ ዝናቡ አያባራም አልኩ፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ተቋረጠ። ሐጂ ሊያጠፉት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ጫካ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ከሚሰማው የካሴቱ ሹክሹክታ ውስጥ አባቴ መጣ።

«…ይችን ብቻ አደራ። ሌላው እንደ ፈቃዱ ይሆናል። በይ እግዚአብሔር ይከተልሽ።»

ከኋላው አንድ ሰው ሲስል ተሰማ፤ ሰዎች ሳቁ፤ አንዲት ሴት «አሜን» አለች። አለቀ። የእኔ መልስ ከእሱ ንግግር ስላጠረ የእሱ ጭራ ሳይጠፋ ተርፎ ነው።

የሐጂ እጅ አየር ላይ ቀረ። ደጋግሜ ወደ ኋላ መለስኩት። ከ«ይችን ብቻ» በፊት ያለው ቦታ ላይ ስለ ሚዛን ዝናብ አወራለሁ፤ አደራውን ያጠፋሁት በዚያ ወሬ ነው። ያኔ አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ናፍቆት ይዞኝ አለቅስ ስለነበር ድምፁን እንጂ ነገሩን አልያዝኩም። ስለት ይሆን? የምጠይቀው ዘመድ ይሆን? ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን እጾማለሁ፣ እዘክርለታለሁ፤ የጠየቀኝ ግን እሱን ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሐጂ «ሳያውቁት ፈጽመውት ይሆናል» ብለው አጽናኑኝ። «በግምት እንዴት ይሆናል ሐጂ?» አልኳቸው።

በዚያን ቀን አባቴ ቤት የነበራችሁ፣ የሳላችሁት፣ የሳቃችሁት፣ አሜን ያልሽው እማማ፣ በሕይወት ካላችሁ አስታውሱልኝ። ድምፁ እኔ ጋ አለ። ከ«ይችን ብቻ አደራ» በፊት ምን ብሎኝ እንደነበር፣ ቃል በቃል ባይሆንም፣ ላኩልኝ።