ከጉባኤው በፊት የሚነበቡ ጸሐፊዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ ታደሰ ያስያዙኝ ብሩሽና ኮላ ነበር። ቤተ መጻሕፍቷ መቀሌ ውስጥ በአንድ መንፈሳዊ ማኅበር ግቢ ያለች ጠባብ ቤት ነበረች። የቅጥር ደብዳቤዬ "ረዳት" ስለሚል ጠረጴዛ ይዤ መጽሐፍ የማውስ መስሎኝ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ከቁሓ በሚኒባስ መጣሁ። ጋሼ ሸሚዜን አይተው "ነገ ሌላ ልበሺ" አሉና ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ፊቴ ከመሩ።

ኮላ በስሱ ይቀባል። ከበዛ ገጹ ይደርቅና ሲገለጥ ይሰበራል። ከተቀባ በኋላ መጽሐፉ ከባድ ነገር ተጭኖበት ያድራል። ይህን አንድ ጊዜ አሳዩኝ፤ አልደገሙልኝም።

ጋሼ ኃላፊ ይባሉ እንጂ ከእኔ በቀር የሚያዙት ሰው አልነበራቸውም። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ትግርኛ ሲናገሩ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ። እኔ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ስለሆነ አፌን ስከፍት አገሬ ይታወቃል። አንዳችን ሌላችንን ሳናርም ብዙ ዓመት አብረን ሠራን።

ማኅበሩ በየዓመቱ የእምነትና የጽሕፈት ጉባኤ ነበረው። ካህናት፣ መምህራን፣ ግጥም የሚሞክሩ የባንክ ሠራተኞች ይመጡበታል። ከጉባኤው በፊት የትኞቹ ጸሐፊዎች ቢነበቡ እንደሚሻል የምንጠቁመው እኛ ነበርን። ከሥራችን ሁሉ ጋሼ ከልባቸው የሚወዱት ይህን ነበር።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ሊቀመንበር መጥተው "ታዋቂዎቹን ለምን ተዉዋቸው?" ብለው ጠየቋቸው።

"እነሱን እኛ ባንነግረውም ሰው ያነባቸዋል" አሉ ጋሼ።

ጋሼ እንቢ ሊሉ ሲሉ ቀድመው ያስላሉ። ያን ቀንም አስለው ነበር። ዛሬ ያ ሳል ይናፍቀኛል።

ሳይቀያይሩ ይጠቁሟት የነበረች አንዲት ጸሐፊ ለተብርሃን ነች። ዓይደር ሰፈር የምትኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ባሏ የጎንደር ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው፤ መጽሐፏንም በአማርኛ ጻፈችው። ታማ ሆስፒታል የተኛች እናቷን ስታስታምም እንዴት እንደጸለየች የምትተርክ ቀጭን መጽሐፍ ናት። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ትድናለች። ለተ ያንን የጻፈችው ሳታጋንን ነው፤ ነርሷን፣ አንሶላውን፣ ጸሎቱ ሲሰለቻት የሆነችውን ሁሉ አስገብታ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከጋሼ ጋር ስለ አንድ ቃል ሲከራከሩ እኔ የመጻሕፍት ካርድ እየጻፍኩ እሰማቸው ነበር። ክርክሩን የሚጀምሩት ሁልጊዜ ጋሼ ናቸው። ማብቃት አይሆንላቸውም።

ጦርነቱ ሲነሳ ጋሼ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። ቤተ መጻሕፍቷ ተዘጋች፤ ከመጻሕፍቱም ብዙው የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወሉልኝ እሳቸው ነበሩ።

"ምሕረት፣ አለሽ?"

"አለሁ ጋሼ።"

"ሌላውን ኋላ ትነግሪኛለሽ" አሉኝ።

አልተመለሱም። ዓይናቸው ደክሞ ደብረ ብርሃን ልጃቸው ጋ ገብተዋል። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህር ፍስሓ የሚባል ሰው ዓይናለም ሰፈር ቤቴ ድረስ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ጉባኤውን እንደገና ለመጀመር ከተነሡት አንዱ ነው።

"እትየ ምሕረት፣ እንደ ድሮው ጸሐፊዎች ይጠቁሙልን። ሰው አንብቦ ይምጣ" አለኝ።

ሌሎቹን ወዲያው ነገርኩት። የለተብርሃን ስም አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ በመኪናው ወጥቶ እንደቀረ ሰምቼ ነበር። "ስለ አንዷ ጠይቄ ልመለስ" አልኩት።

በማግስቱ በባጃጅ ዓይደር ሄድኩ። ለተ ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ተሳስመን ተቀመጥን፤ የመጣሁበትን ነገርኳት።

"እሱ መጽሐፍ አይነበብ" አለች።

"ለምን ለተ?"

"ጸለይኩ፣ እናቴ ዳነች ይላላ። እኔ ለባሌም ጸልያለሁ። ስንቱ ጸልዮ የቀረበት እዚያ አዳራሽ ይቀመጣል። ያን ሲያነቡ ምን ይላሉ?"

"ውሸት ነው የጻፍሽው?"

"ውሸትስ አይደለም።" ምስሯን ወደ ጎን አደረገች። "አሁን ብሆን ግን እንዲህ አልጽፈውም።"

"እንግዲያው ሌላ ጻፊ" ማለት አማረኝ፤ አላልኩም። ቤቴ ገብቼ ለጋሼ ደወልኩና ያለችውን እንዳለችው ነገርኳቸው።

"አታስገድጃት" አሉ። "ግን ላንቺ የነገረችሽን ለጉባኤው ሰዎችም ትነግራቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ። መጽሐፉ ያለ እሷ አይነበብ።"

ተመልሼ ስሄድ አሁንም ምስር ስትለቅም አገኘኋትና ይህንኑ ነገርኳት። ለተ ስለ ጉባኤው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። "ጋሼ ታደሰ ያያሉ?" አለች።

"ጥላ ነው የሚያዩት።"

"ማን ያነብላቸዋል?"

"ልጃቸው፣ ሲመቻት።"

አጎንብሳ ምስሯን ትለቅም ጀመር። ልሰናበታት ስነሣ "ጋሼ ካሉ ይነበብ። እኔም እመጣለሁ" አለችኝ።

የመጽሐፉ አንድ ቅጂ የተረፈው እሷው ዘንድ ነበር። ጀርባው ለቆ ስላገኘሁት ቤቴ ወስጄ ጠገንኩት። መምህር ፍስሓም አባዝቶ አደለ።

የጉባኤው ቀን ለተ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ወደ መድረክ አልወጣችም፤ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

"መጽሐፉ ላይ እናቴ ዳነች ብያለሁ። ድናለች፤ ከዚያም ስንት ዓመት ኖራለች። ባለቤቴ ግን አልተመለሰም። ለሁለቱም በአንድ አፍ ነው የጸለይኩት። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ አላውቅም። መጸለዩን ግን አልተውኩም።"

ይህን ብላ ተቀመጠች። ያጨበጨበ የለም። ከኋላ አንድ አዛውንት ቄስ ተነሡና "እኔም እንዲሁ ነኝ" ብለው ተቀመጡ። ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ መናገር ያዘ፤ የተዘጋጀው ጥናት ሳይቀርብ ቀረ። እኔ የለተን እጅ ይዤ ቆየሁ።

ማግስቱን ለጋሼ ደውዬ ሁሉንም አወራኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"አጠገቧ ማን ነበር የተቀመጠው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

ይምጡ አላልኳቸውም፤ መምጣት ቢችሉ ኖሮ ይህን እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ስለ አየሩ አወራንና ስልኩን ዘጋን።

ለተ እስካሁን ሌላ መጽሐፍ አልጻፈችም። አልጠየቅኳትም።

ከእኛ በኋላ ሥራውን ለያዛችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የምትጠቁሙት ጸሐፊ በሕይወት ካለ፣ መጽሐፉን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩት።